ዋስ የጠፋበት ጠዋት

ነርሷ የደወለችው እናትና ልጅ ከቤት ሊወጡ በር ላይ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ዛሬ አልመጣም» አለች። «አጎትሽ ትናንት ቤቴ ድረስ መጥቶ ‹አንቺ ከዚህ ነገር እጅሽን አውጪ› አለኝ። በሥጋና በደም መሀል መግባት አልወድም፣ የኔ ቆንጆ።»

ነርሷ ጎረቤታቸው ናት፤ ዋስ ልትሆን ቃል የገባችውም እሷ ብቻ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠው ድጋፍ ክፍያውንም፣ መጽሐፉንም፣ የወር ወጪውንም ይሸፍናል። ነገር ግን ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ጥሎ ከወጣ ገንዘቡን የሚመልስ፣ ቋሚ ገቢ ያለው ዋስ ይጠይቃል። የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው። ዋስ ከሌለ ድጋፉ ለተጠባባቂ ያልፋል፤ ድጋፉ ከሌለ ዩኒቨርሲቲውን ከአጥር ውጭ ቆሞ ማየት ነው።

«ማን ነው?» አለች እናቷ።

«ነርሷ። ቀረች።»

እናቷ የሰው ልጆች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። መርፌ ሲወጋት እንኳ ድምፅ አታሰማም። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ደህናውን አጠለቀችና፣

«እንሂድ» አለች። «የሚሆነውን እዚያው እናያለን።»

አጎትየው የእናቷ ወንድም ነው። ሰፈሩ ከጀርባው «ጋሽ ብሎኬት» ይለዋል፤ የብሎኬት ማምረቻ ስላለው ብቻ ሳይሆን፣ አንዴ ከደረቀ ስለማይታጠፍ ነው። የልጅቷ አባት ከሞተ ወዲህ የቤት ኪራያቸውን የሚከፍለው እሱ ነውና፣ ገብቶ ሲናገር ጣራውም ግድግዳውም የሚሰማው ይመስላል። የዩኒቨርሲቲው ወሬ ጆሮው ከደረሰ ወዲህ ደግሞ እንደተነካ ንብ ሆኗል። «ዕድሜዋ የትዳር እንጂ የደብተር አይደለም!» እያለ ዘመድ አዝማዱን አዳረሰ። ደህና ሰው አግኝቼላታለሁ፣ ቤት ያለው፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ አለ። በልጅቷም ላይ ጮኸባት።

«ይሄን ጣጣ ያመጣሽው አንቺ ነሽ!»

«ጋሼ፣ መማር ነውር ነው እንዴ?»

«ነውርስ አይደለም። የሰው መሳቂያ መሆን ነው እንጂ!»

ባለፈው እሁድ ሳያንኳኳ ገባ። ልጅቷ መጽሐፍ ዘርግታ ጥያቄ ታነባለች፤ እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል መልስ ትወረውራለች፤ መልሱ በሳተ ቁጥር ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። አጎትየው በሩ ላይ ቆሞ አያቸው። ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ተመልሶ ወጣ።

«አንድ ነገር እየሸረበ ነው» አለች ልጅቷ ያን ዕለት። ይኸው፣ የሸረበው ዛሬ ተፈታ።

ልጅቷ አውቶቡስ ውስጥ ሆና፣ የምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ጋ ደወለች። ዋስ እንዲሆናቸው ለመነችው።

«እኔ?» ብሎ ሳቀ። «እኔ ራሴ ዋስ የሚያስፈልገኝ ሰው ነኝ እኮ!»

የክፍል ጓደኛዋ አባት ጋ ደወለች፤ ስልኩ አይነሳም። እናቷ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች። ጣቶቿ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል።

የድጋፍ ቢሮው ኮሪደር በሰው ተሞልቷል። ወለሉ ገና በመወልወሉ ያዳልጣል። አባቶች ከልጆቻቸው አጠገብ ተቀምጠው ያዛጋሉ። አንዱ ወጣት ወደ ውስጥ ገብቶ ፊቱ በርቶ ወጣ፤ አንዷ ገብታ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች። ተራቸው ሲቃረብ ከደረጃው በኩል ሲሚንቶ የለበሰ ጫማ ብቅ አለ።

ጋሽ ብሎኬት።

እሱ ለእናቷ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እትዬ» ብሎ፣ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እናቷ ፊቷን ወደ ቢሮው በር አዞረች። ልጅቷ ግን አላስቻላትም፤ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ነርሷን ያስቀረሃት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ። ሊክድ እንኳ አልሞከረም።

«ጋሼ፣ በእናትህ፣ እዚህ ሰው ፊት አታዋርደን። የፈለግኸውን ቤት ስንገባ ተናገር።»

«ሂጂ፣ ተቀመጪ» አላት። ድምፁ ጎርነን ብሏል።

በሩ ተከፈተ። መነጽር ያደረገች ሠራተኛ ፋይል ይዛ ብቅ አለችና ተራቸውን ጠራች።

«ተማሪዋና ዋሷ!»

እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተነሱ።

«ዋሳችን ዛሬ ጠዋት ቀረችብን» አለች ልጅቷ። «እባክሽ፣ ነገ በጠዋት ይዘን እንምጣ።»

«ነገማ የለም፣ የኔ እህት» አለች ሠራተኛዋ። ክፉ ሴት አትመስልም፤ የደከማት ናት። «ተጠባባቂዎቹን አየሻቸው? እነሱም እንደናንተ ሲጨነቁ ነው የከረሙት።» ፋይሉን ዘጋችው።

ከኋላቸው ወንበር ተንቋቋ።

«አንዴ ቆይ» አለ አጎትየው። «እኔ የምናገረው አለኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። የሚለውን ታውቀዋለች፤ ችግረኛ አይደሉም፣ እኔ አለሁላቸው፣ ትዳር ተገኝቶላታል ይላል። የሲሚንቶው ጫማ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ዋሷ እኔ ነኝ፤ ዘመድ እያለ ጎረቤት ዋስ አይሆናትም። ይኸው ንግድ ፈቃዴ፣ ይኸው መታወቂያዬ።»

ሠራተኛዋ ተቀብላ አገላበጠችው። ከዚያ ከመነጽሯ በላይ አየችው።

«ለተማሪዋ ምኗ ነዎት?»

ሰውየው ወደ እናትየዋ ዞር ብሎ አየ።

«ታናሽ ወንድሟ ነኝ» አለ። «ትምህርቷን ያቋረጠችው እኔን ለማስተማር ነው።»