መርፌ ያልነካው ወተት

ኖርበርት ኮዛክ አኮርዲዮኑን ሲያነሳ በዊስኮንሰን ያለ ውሻ ሁሉ ያላዝናል፤ ከሐይቁ ማዶ ያለውም ይመልስለታል። ላሞቹ ግን ይወዱታል። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው።

ከዓመት በፊት ላሞቹ የሚሰጡት ወተት የድመት ጢም አያርስም ነበር። ኖርበርትም ጸደይ ሲገባ ሁሉንም ለጨረታ ሊያወጣ ቆረጠ። ሚስቱ ቨርና ያን ቀን እራት አልበላችም። እርሻው የአባቷ ነው፤ እዚያው ተወልዳ እዚያው ነው ያረጀችው።

በማግስቱ፣ "እስቲ አኮርዲዮንህን በረት ውስጥ ተጫወትላቸው" አለችው። "ሙዚቃ ወተት ያወርዳል ይላሉ።"

"ማነው የሚለው?"

"ይላሉ አልኩህ እኮ!"

ተጫወተ። ብዙም ሳይቆይ ወተቱ በረዶ እንደቀለጠበት ወንዝ ወረደ። ድመቶቹ ከመወፈራቸው የተነሳ አይጥ ሲያልፍ ሰላምታ መስጠት ጀመሩ። ይባስ ብሎ ላሞቹ ጭፈራ ለመዱ፤ ሰው ከኋላቸው ባለፈ ቁጥር ዳሌያቸውን ይሰብቃሉ።

"አየሻቸው? የፖልካ ጭፈራ ነው እኮ!" ይላል ኖርበርት።

"አየሁ፣ አየሁ" ትላለች ቨርና። "የአዳራሹም ጭፈራ እንዳይቀርብህ። ሰውም እንደ ላም ደስ ይበለው እንጂ።"

የመንደሩ አዳራሽ ጭፈራ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ አኮርዲዮን የሚጫወተው እሱ ነው። ኖርበርት ቀርቶ አያውቅም።

ያ የተወራለት መርፌ አገሩ የገባውም በዚያው ሰሞን ነው። በየሁለት ሳምንቱ ላሟን ወጋ ማድረግ ነው፤ የእድገት ሆርሞን ይሉታል፤ እንዳይበላሽ በበረዶ ይቀመጣል፤ ወተት ይጨምራል። የከተማ እናቶች ግን "ልጆቻችንን ሆርሞን አናጠጣም" ብለው ተነሱ። የቺካጎው ነጋዴም ለአይብ ሠሪው ለሽማግሌው ኤሚል ቁርጡን ነገራቸው፦ ወተቱ መርፌ ያልነካው ካልሆነ አይብዎን እርስዎው ይብሉት።

ስለዚህ መንደሩ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰብስቦ ማለ። ኖርበርት ወንበር ላይ ወጣ።

"መርፌ የተገኘበት ሰው፣ አባቴም ቢሆን ወንድሜም ቢሆን፣ ወተቱ የኤሚልን አይብ ፋብሪካ ደጅ እንዳይረግጥ! እስከ ወዲያኛው!"

ጣሪያው እስኪነሳ ተጨበጨበለት። ቨርና ብቻ አላጨበጨበችም፤ ኬክ እየቆረጠች ስለነበር እጇ አልተፈታም።

ቀልድ አልነበረም። በዚያ አካባቢ ወተት የሚረከብ ሌላ ፋብሪካ የለም። ከኤሚል ደጅ የተባረረ ሰው ላሞቹን ይሸጣል፤ ላሞቹን የሸጠ እርሻውን ይሸጣል።

መሐላው ገና ሳይደርቅ ኖርበርት ለጉዳይ ሩቅ ከተማ ሄዶ አንድ ነገር አየ። የሚስቱ ወንድም ሊሮይ፣ አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤቱ፣ ማንም እሱን ከማያውቅበት ከዚያ ከተማ የመኖ መደብር የበረዶ ሣጥን ታቅፎ ወጣ።

"አማቼ! ምን ተሸክመሃል?"

"ምስማር" አለ ሊሮይ።

"ምስማር በበረዶ ሣጥን?"

"እንዳይዝግ ነዋ!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኖርበርት መቀመጫው እሾህ ሆነበት። ሾርባውን ትቶ መስኮት ይሄዳል፤ ከመስኮት ተመልሶ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ይቆጣል። የወተት መኪናውን ሾፌር መንገድ ላይ አስቁሞ ጠየቀው። የሊሮይ ወተት ጠብታ አልጨመረም አለው። ሊሮይ "ላም አለኝ በሰማይ" የሚባለው ዓይነት ሰው ሆነ።

"ተንኮለኛ!" አለ ኖርበርት። "እንዳይነቃበት ትርፉን ለአሳማ እየደፋው ነው!"

ሄዶ አሳማዎቹን አያቸው። ወፍረዋል። አሳማ መቼ ከስቶ ያውቃል?

"ወንድሜን ተወው" አለችው ቨርና።

"ወንድምሽ የሁላችንንም እንጀራ ሊዘጋ ነው! ቺካጎ አንድ መርፌ ከሰማ መንደሩ በሙሉ አለቀለት። የአባትሽ እርሻ ተሸጦ የት ልትገቢ ነው?"

ቨርና ድስቱን ስትፈትግ ቆየች፤ ድስቱ ንጹሕ ነበር።

"ቅዳሜ አዳራሽ ትሄዳለህ አይደል?" አለችው በመጨረሻ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አኮርዲዮኑን መኪና ላይ ጫነ፤ ጉንጯን ስሞ ወጣ። ወደ አዳራሹ ግን አልሄደም። አይብ ፋብሪካው ዘንድ ቆሞ ኤሚልን ለምስክርነት ይዟቸው መጣ፤ ሁለቱም ከሊሮይ ቤት ጓሮ በቆሎው ውስጥ ተደበቁ።

"ጉልበቴ አለቀ" አሉ ኤሚል። "የአማችና የአማች ጠብ ከሆነ እኔን አትነካካኝ።"

"በዓይንዎ ያዩታል። ብቻ አይቼ አዘንኩለት እንዳይሉኝ!"

"በዓይኔ ካየሁማ ምን ሐዘን አለ? ማንም ይሁን ማን፣ ሰኞ ወተቱን አልቀበልም። የማልኩት እኮ አንተ ወንበር ላይ ቆመህ ነው።"

ሊሮይ ሣጥኑን ታቅፎ ብቅ አለ። ግራ ቀኝ አየ። ወደ ራሱ በረት ግን አልዞረም። በቆሎውን ሰንጥቆ፣ አጥሩን ተሻግሮ ኖርበርት በረት ገባ።

ኖርበርት ከደስታው ብዛት ሽማግሌውን አቅፎ ሊያንቃቸው ምንም አልቀረውም።

"ገባዎት? መርፌውን እኔ በረት ሊጥል ነው! እኔን ሊያስይዝ! እንኳን ይዤዎት መጣሁ!"

እየዳሁ ሄደው ከበረቱ በር ሥር ተለጠፉ። ኖርበርት እጀታውን ጨበጠ። ኤሚል መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"ምነው ዛሬ ዘገየህ?" አለች ከውስጥ ቨርና። "በል አንተ ያዝልኝ፤ ኖርበርት ሳይመጣ ሁሉንም ወግቼ ልጨርስ።"