የተገዛው ግማሽ ቀን

ዛሬም ልጄ ቀድማኝ ተነስታለች። ጫማዋን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን አዝላ በሩ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ቁርሷን ሰጠኋት፤ ግማሹን በልታ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። “ጠገብሽ?” አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። እኔም ባለ አበባውን ቀሚሴን ለበስኩ። ጥቁሩ በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ የምሠራበት ፋርማሲ ስደርስ እቀይረዋለሁ፣ ማታ ወደ ቤት ከመመለሴ በፊት አወልቀዋለሁ። ልጅ ሐዘን ማየት የለባትም ብዬ ነው።

ሚጡ ሰባት ዓመቷ ነው። ከአባቷ ለቅሶ ወዲህ ትምህርት ቤት ውስጥ ድምፅዋን የሰማ ሰው የለም። ቤትም ቢሆን ከ“እሺ” እና ከ“አልፈልግም” አታልፍም።

ትምህርት ቤቱ የራሱ የሥነ ልቦና ባለሙያ የለውም። ዘንድሮ ከሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ጋር ሆኖ ከአንድ ድርጅት አገልግሎቱን ገዛ፤ ለእኛ የደረሰን በየተርሙ ግማሽ ቀን ነው። የክፍል መምህርቷ የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ለሚጡ እንዲሆን ከዳይሬክተሩ ጋር ተሟግታለች። ሲሳካላት ደውላ “ዛሬ ገና እንቅልፍ ይወስደኛል” አለችኝ።

ቀኑ ዛሬ ነው። የተሰበሰብነው የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ በተነፈሱ ኳሶች መሀል ነው። ወንበሮቹ የአንደኛ ክፍል ልጆች መቀመጫ ናቸው። ዳይሬክተሩ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ተቀምጠዋል። ባለሙያዋ ከእኔ በብዙ የምታንስ፣ ገና ልጅ እግር ሴት ናት።

“ዶክተር፣ ጊዜው እንዳያልቅብን” አሉ ዳይሬክተሩ። “ከሚጡ ሌላ ስድስት ልጆች አዘጋጅተናል። አንዱማ ትናንት ወንበር ሰብሮብናል። እኔ እንኳ የምቀመጥበት አጥቼ ነው እንዲህ የተጣጠፍኩት።”

“ዶክተር አይደለሁም” አለች እየሳቀች። “ግማሽ ቀን ደግሞ ለሰባት ልጅ ከተከፋፈለ ለማንም አይደርስም። ዛሬ አንዷን እንያት።”

“ልጥራት?” መምህርቷ ብድግ አለች።

“አይ፣ ተቀመጪ። ጠዋት ክፍል ውስጥም ግቢ ውስጥም አይቻታለሁ። አሁን የምፈልገው እናንተን ነው።”

ደሜ ፈላ። “የማትናገረው ልጄ ናት” አልኩ። “እኛማ እንናገራለን።”

ባለሙያዋ ደብተሯን ገለጠች። ሚጡ ከማን ጋር እንደምትጫወት፣ እንዴት እንደምትተኛ፣ ስትከፋ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቀችን። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ “አባቷ መሞቱን የነገራት ማን ነው?” አለች።

“አክስቷ” አልኩ። “በለቅሶው ሰሞን እሷ ቤት ነበረች።”

“ምን ብላ ነው የነገረቻት?”

አላውቅም። ጠይቄ አላውቅም። ስልኬን አወጣሁና እዚያው ደወልኩ።

“ምነው በዚህ ሰዓት? ደህና ናት?” አለች የባሌ እህት።

“ደህና ናት። ያኔ ስለ ወንድምሽ ምን ብለሽ ነበር የነገርሻት?”

“እኔ?” አለች። “እኔ በምን አንደበቴ እነግራታለሁ? አባቴስ ስትለኝ ሥራ ሄዷል አልኳት፤ ከዚያ ወዲያ ጠይቃኝም አታውቅ። እናቷ ትነግራታለች ብዬ እኮ ነው… አልነገርሻትም እንዴ?”

ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ድምፁ ለሁሉም ተሰምቷል።

“እኔ ደግሞ” አለች መምህርቷ፣ “የክፍሉን ልጆች ስለ አባቷ ትንፍሽ እንዳትሉ ብዬ አስጠንቅቄያለሁ።” አፏን በእጇ ያዘች። ዳይሬክተሩ መሬት መሬቱን ያያሉ።

“አንቺ ንገሪያት” አልኳት ባለሙያዋን። “ለዚሁ አይደል የመጣሽው?”

“እኔ ነገ ሌላ ትምህርት ቤት ነኝ” አለች። “ማታ ስትባንን የምታገኘው እርስዎን ነው።”

“ምን ልበላት?”

“የሆነውን፣ በአጭሩ። ሄደ አይበሏት፤ ትጠብቀዋለች። ተኛ አይበሏት፤ መተኛት ትፈራለች። ሞተ ይበሏት። እንባዎ ከመጣም አይደብቁት።”

ቀኑን ሙሉ መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ ለሰው ሳስረዳ እውላለሁ፤ ስለ ባሌ ግን ይህን ቃል ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። “አረፈ” ነው የምለው። እሱንም ለትልቅ ሰው ብቻ።

ወደ ግቢው ወጣሁ፤ የዕረፍት ሰዓት ነው። ሚጡ ከቧንቧው አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

“ሚጡ” አልኳት። “አባዬ ሞቷል። አንቺ ተኝተሽ ሳለ ታመመ፤ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሞቹ ሊያድኑት አልቻሉም። እዚያ ሞተ።”

ዞር ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

“ተቆጥቶኝ አይደለም?”

“ምን አልሽ?”

“የዚያን ቀን ግድግዳው ላይ ስዬበት…” ድምፅዋ ሻክሯል። “ተቆጥቶኝ ሄዶ አይደለም?”

“አይደለም። ማን ተቆጣሽ? ታሞ ነው።”

“አይመጣም?”

“አይመጣም፣ እናቴ።”

እንባዬን ልጠርግ እጄን አነሳሁና መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እያየችኝ አለቀስኩ። ጭንቅላቷን ክንዴ ላይ ጣለች። ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹ እየተጋፉ ወደየክፍላቸው ገቡ። ግቢው ውስጥ እኔና እሷ ቀረን።

አባቷ ሞቷል። ባሌ ሞቷል። ቤታችን ውስጥ ከእንግዲህ ሁለት ነን።