የመርማሪው ጉርሻ

በፋሲካ ጠዋት ስምንት ጓደኛሞች ደብረ ታቦር፣ ከአንዳቸው ግቢ ውስጥ፣ የቅርጫ በሬያቸውን አርደው ጨረሱ። መደቡን ከመከፋፈላቸው በፊት ለቅምሻ በሳፋ የቀረበውን ብሩንዶ ከበው ቆሙ። ከመካከላቸው አንዱ በከተማው ቄራ ሥጋ መርማሪ ነበር። በሬውን ከእብናት ገበያ ገዝቶ ያመጣው ጓደኛው ከሽንጡ ላይ ቆረጠ፣ አዋዜ አስነካና ወደ መርማሪው አፍ ዘረጋ። መርማሪው ግን አፉን አልከፈተም። በቀዩ ሥጋ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር ታየችው። ቄራ ቢሆን ኖሮ ይህ ሥጋ ማህተም አያገኝም ነበር።

«ምነው፣ ኮሶ ፈራህ እንዴ?» አለው ጓደኛው። «እሱ እኮ የአንድ ኪኒን ጉዳይ ነው!»

ሌሎቹ ሳቁ። ቢላዋቸውን ግን አንዳቸውም ወደ ሥጋው አላስጠጉም፤ ሁሉም የእሱን አፍ ያያሉ። የጓደኛን ጉርሻ፣ ያውም በፋሲካ፣ መመለስ አልሆነለትም። ጎረሰ። ሳያኝክ በጉንጩ እንደያዘ በእጁ «መጣሁ» የሚል ምልክት ሰጥቶ ወደ አጥሩ ጀርባ ሄደ። እዚያ ተፋው። ከአጥሩ ሥር ካለ በርሜል ውኃ ጨልፎ ተጉመጠመጠ፤ ትንሽ ቆየና እንደገና ተጉመጠመጠ። ተመልሶ «ጥብስ ይሁን፣ ሆዴን አሞኛል» ሊላቸው አሰበ።

ሲመለስ ሳፋው ባዶ ነበር።

«አንተ ስትጎርስ አይተን ልባችን አረፈ» አለው ጓደኛው፣ ቢላዋውን በሱሪው እየጠረገ። «ንጹሕ ባይሆን መቼ ትጎርስ ነበር!»