ዱቄቱ ላይ የተገኘው ኮቴ

ትራንዚስተር ጠላቱን ለመለየት አራት ቀን ፈጀበት። ጠላት የተባለው ግን በአንድ ጣራ ሥር የሚያድር፣ ከአንድ ሳህን የሚበላ፣ ጠዋት ጠዋት «ጋሼ፣ እንዴት አደርክ?» የሚል የገዛ አማቹ ነበር።

ትራንዚስተር ብሎ ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራዲዮ ጠግኗል። የሞተ ራዲዮ አንዴ በጣቱ ካንኳኳ፣ ራዲዮው ሞቶ በከረመባቸው ዓመታት ያለፈውን ዜና ሁሉ አንድ በአንድ ይዘረግፋል ይባላል። የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ ቢሆንም ይባላል።

ዘንድሮ ታዲያ ራዲዮ አልበቃ አለው። በወጣትነቱ ተቀጥሮ በሠራበት መሥሪያ ቤት ከመስታወት ጀርባ ብቻ ያየውን ያንን የድሮ ኮምፒውተር በገዛ እጁ ሊሠራ ተነሳ። የዚያ ዘመን ቺፖች ዛሬ በፋኖስ ቢፈለጉ አይገኙም። ስለዚህ መዳፍ የምታክል ቦርድ አስመጣ። ጉደኛ ቦርድ ናት፤ የሰርኪዩቱን ንድፍ ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ከጫኑባት የአርባ ቺፕ ሥራ ብቻዋን ትሠራለች። ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር አገናኛት፣ ንድፉን ጫነ፣ ጠበቀ። አረንጓዴ ፊደል ብቅ አለ፦ «ዝግጁ»።

ትራንዚስተር ጣራውን በጭንቅላቱ ሊበሳ ምንም አልቀረው። ወዲያው ለሰፈሩ ሁሉ ጥሪ አደረገ። ቅዳሜ፣ በሙያ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ «ራዲዮ ጠጋኝ ከኮምፒውተር ምን አገናኘው?» ብለው የሳቁበት የድሮ አለቆቹ ባሉበት ሊያሳይ። ካልሠራልኝ ሱቄን እዘጋለሁ ብሎም በሰው ፊት ማለ።

እሑድ ማታ እንደ ልማዱ ገመዱን ነቅሎ ተኛ። ሠላሳ ዓመት አንድም ዕቃ እንደተሰካ ትቶ አድሮ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሲሰካው ቴሌቪዥኑ ጭልም። «ዝግጁ» የለ፣ ምን የለ። ንድፉን የሚጭንበት ሣጥን የሚያህል አሮጌ ኮምፒውተሩ እያዛጋ መልሶ እስኪጭን ግማሽ ቀን ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ገና የሥራ ክፍሉን በር ሲከፍት «ዝግጁ»። ግን ክው አለ። ማታ በእጁ የነቀለው ገመድ ተሰክቷል!

«ሰው ገብቷል!» አለ።

«ይሠራል አይደል እንዴ? ምን ጎደለህ?» አለች ሚስቱ።

«ሰክቶ ሊያቃጥልብኝ ነበራ! ኮቴዬን ሲሰማ ነው የሸሸው!»

ረቡዕ ገመዱ እንደተነቀለ ነው፤ ቦርዷ ግን ባዶ። ትራንዚስተር ራሱን ነቀነቀ። «ብልጥ ሆኗል፤ አሁን ደግሞ ዱካውን አጠፋ።»

ቤት ውስጥ ያሉት ሦስት ናቸው። እሱ፣ ሚስቱ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም። ይህን አማቹን ሰፈሩ መርፌ ይለዋል፤ በቁልፍ ቀዳዳ ሹልክ የሚል ቀጭን ነው። የተማረው ኮምፒውተር፣ የሚሠራው አውቶቡስ ላይ ትኬት መቁረጥ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ በሌሎቹ ቀናት ረፈድፈድ ሲል። ምቀኝነት የሚገባው እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው አለ ትራንዚስተር በሆዱ።

ረቡዕ ማታ እራት ላይ መርፌ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጋሼ፣ ያቺ ቦርድ እኮ ገመዷ...»

«ገመድ? ገመድ ለእኔ? አንተ እትብትህ ሳይቆረጥ እኔ ስንት ገመድ ቆርጫለሁ!»

መርፌ ሳቁን ከጉርሻው ጋር ዋጠው። ትራንዚስተር ያንን ፈገግታ አይቶ ጥርሱን ነከሰ። ከተበላ በኋላ ከማድቤት አንድ ጣሳ ዱቄት ወስዶ የሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ነሰነሰ።

ሐሙስ ጠዋት ገመዱ ተሰክቷል፣ ቴሌቪዥኑ «ዝግጁ» ይላል፣ ዱቄቱ ላይ ደግሞ እንደ ማስመሪያ የቀጠነ ኮቴ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ተሰልፏል።

«ይሄ የማን እግር ነው?»

መርፌ አቀረቀረ። «የእኔ ነው፣ ጋሼ።»

«ልታጠፋብኝ ነው የገባኸው?»

«እንዴት አጠፋለሁ? እኔማ...»

«ሻንጣህን!»

«ኧረ እባክህ፣ ወንድሜ የት ይሂድ?» አለች ሚስቱ።

«በቁልፍ ቀዳዳ የሚገባ ሰው ማደሪያ አያጣም!»

መርፌ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ዓይኑ እንባ ቢሞላም አንድ ክፉ ቃል አልተናገረም። ትራንዚስተር ይህንንም የጥፋተኛ ዝምታ ነው አለው።

ዓርብ ጠዋት ቦርዷ እንደገና ባዶ! «ቁልፍ አስቀርጾ ነው የሄደው!» ብሎ ጮኸ። ቁልፉን አስለወጠ፣ መስኮቱን በቁም ሳጥን ጋረደ፣ ከሰዓት በኋላ ንድፉን ጭኖ «ዝግጁ» ማለቷን በዓይኑ አየ። ከዚያ ነቀላትና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ አቅፏት አደረ። ሚስቱ ሶፋ ላይ ተኛች።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ትራንዚስተር የፊት በሩ ላይ ላለው ዘበኛ «ቀጭን ሰው እንዳታስገባ» አለው።

«እኔስ፣ አባባ?» አለ ዘበኛው፤ እሱም ሸንበቆ ነበር።

የድሮ አለቆቹ ከፊት ተደርድረዋል። ትራንዚስተር ክራቫቱን አስተካከለ፣ ቦርዷን ከብርድ ልብሱ ፈታ፣ ከቴሌቪዥኑ አገናኘ፣ ሰካ።

ጭልም።

አንዱ አለቃ ሰዓቱን አየ። ሌላው ሳል መሳይ ሳቅ ለቀቀ። ያ የሚያዛጋው ኮምፒውተር ደግሞ የቀረው ቤት ነው። የትራንዚስተር ላብ ከግንባሩ ተነስቶ ክራቫቱ ላይ ደረሰ።

«እዚህም ቀድሞኛል! ያ መርፌ እዚህም ገብቷል!» ብሎ ጮኸ።

ከኋላ የተቀመጠችው ሚስቱ ስልኳ ነዘረ። ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«እትዬ፣ ጋሼ እንዳይሰማ፤ ያቺ ቦርድ ገመዷ በተነቀለ ቁጥር የተጫነባትን ትረሳለች፣ እንደ ማክሰኞና እንደ ሐሙሱ ጠዋት ሳያየኝ መልሼ ልጭንለት ላፕቶፔን ይዤ የኋላው በር ላይ ቆሜያለሁና ክፈቺልኝ።»