ካልሲ ያጠለቁ እጆች

ከእጃችን የማይወልቀው አምባር ውሸት በተናገርን ቁጥር ለአንድ ደቂቃ ቀይ ይበራል። ስለዚህ የከሃዲው ካርድ የደረሰው ሰው የሚክድበትን የከሃዲ ጨዋታ ስንጫወት ካልሲ እናጠልቅበታለን። እንዲያም ሆኖ ልጆቼ መዋሸት አይችሉበትም።

«ብስራት፣ የከሃዲው ካርድ አንተ ጋ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ኧረ ካድ እንጂ፣ አንተ ልጅ! ካልሲው ለምን ሆነና?» ለአራተኛ ጊዜ ካርዱን በወዝኩ።

እህቱ ሐመልማል ግን ማስረጃ ትቆጥራለች። «የአሁኑ ከሃዲ አባዬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ዓይናችንን አያይም።»

«አይደለሁም» አለ ባሌ መላኩ፤ ካርዱንም ገልብጦ አሳየን። ንጹሕ ነበር።

«ታዲያ ምን ደብቀህ ነው?» አለች ሐመልማል። «ጠዋት ሆስፒታል ስትሄድ ምን አሉህ?»

«ምንም የለብህም አሉኝ።» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። በሳሳው የካልሲው ተረከዝ በኩል ግን ቀይ ብርሃን አየሁ።

«እናረጋግጥ!» ብሎ ብስራት የአባቱን ካልሲ ሊያወልቅ ተንጠራራ።

«እጅህን ሰብስብ! ከእናንተ ጋር ጨዋታ አይሆንም!» የራሴን ካልሲ አውልቄ በመላኩ ካልሲ ላይ ደረብኩለት።

«አንቺስ አመንሽው፣ እማዬ?» አለችኝ ሐመልማል።

አምባሬ ራቁቱን ነበር። ካርዶቹን ሰብስቤ መበወዝ ጀመርኩ።