ሰባቱ ለምን አልወጡም

የሄሪንግ ዓሣው መንጋ በጥር መጨረሻ ከፊዮርዱ፣ በተራሮች መሐል ከገባው ጠባብ የባሕር ክንድ፣ ወጣ። ይህን ዓሣ የሚበሉት ዓሣ ነባሪዎች፣ ኦርካዎቹም፣ እንደ ልማዳቸው ተከትለውት ወደ ሰፊው ባሕር ሄዱ። አንድ ቤተሰብ ብቻ ቀረ። ሰባት ናቸው፤ አንዷ ገና ጡት ያልጣለች ግልገል ናት።

ሲግሩን ሞላንድ የዓሣ ነባሪዎችን ንግግር ማጥናት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። እያንዳንዱን በጀርባ ክንፉ ትለያለች። በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት የግልገሏ ማጅራት ጎድጉዶ አየች። ረኀብ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልወጡ አትተርፍም።

«አንድ ነገር መንገዱን ዘግቶባቸዋል» አለች።

ጀልባዋን የሚነዳው አስላክ ስንቁን ፈታ። ከቡናማው አይብ ቆርሶ ሰጣት፤ አልበላችም። ዓይኗ የፊዮርዱ አፍ ላይ ነበር። እዚያ የቶርጌር የሳልሞን ዓሣ ማርቢያ አለ።

ቶርጌር ሳልሞኑን የሚሰርቁትን፣ አቆስጣ የተባሉ የባሕር እንስሳት የሚያባርርበት፣ ውኃ ውስጥ የሚጮኽ መሣሪያ ነበረው። ሲግሩን ጀልባዋን አስጠግታ ጠራችው።

«መሣሪያህን አጥፋው።»

«ከገና ጀምሮ አልነካሁትም አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ ለምን አይወጡም?»

«እኔ ምን አውቄ? ቋንቋቸውን የምትችዪው አንቺ! ጠይቂያቸዋ!»

የማርቢያው ሠራተኞች ሳቁ። ሲግሩን አልሳቀችም። ከማርቢያው ጎጆ በር አጠገብ ሸራ የተጣለበት ነገር ነበር፤ ቶርጌር ስትመለከተው አይቶ መሐል ገብቶ ቆመ።

«ዓሣ ነባሪ ባስነጠሰ ቁጥር እኔ ልከሰስ ነው?» አላት።

ሥራዋን ግን አላቋረጠችም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ዘወትር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ድምፅ ማጉያውን ባሕር ውስጥ ታወርዳለች፤ ቀድሞ ከቀዳቻቸው የኦርካ ድምፆች የአሥር ሴኮንድ ጥሪ ታሰማለች፤ መልሱን ትቀዳለች። ዘንድሮ ሰባቱ የሚመልሱት ከምንጊዜውም የረዘመ ነው። ከእንግዲህ የሚቀራት የጥናት ጽሑፏን ማሳተም ብቻ ነው።

ማታውን ለዓሣ ሀብት ቢሮ ደብዳቤ ጻፈች። «እነዚህ እንስሳት አንዳቸውን ጥለው አይሄዱም። አንዷ መውጣት ካቃታት ሌሎቹም አብረዋት ይራባሉ። ከመካከላቸው አንዷን መሣሪያው አደንቁሯት ይሆናል።» ስሟንና ማዕረጓን ከሥር አሰፈረች።

ተቆጣጣሪዎች መጡ። ሸራው ሲገለጥ መሣሪያው ተገኘ። ከገና ወዲህ አለመሥራቱን የሚመሰክር አልነበረም። ማርቢያው እንዲነሣ ታዘዘ፤ አራት ሰዎች ሥራ ፈቱ። መደብር ውስጥ የቶርጌር ሚስት ሲግሩንን ስታይ ሰልፏን ቀየረች።

የመጨረሻው መረብ ሐሙስ ዕለት ተጎትቶ ሄደ። ቶርጌር ከጎታቹ መርከብ ላይ ሆኖ ጮኸባት።

«አሁንም ባይወጡ ተራራውን ትከሺዋለሽ?»

ዓርብ ጠዋት ባሕሩ እንደ መስተዋት ረግቶ ነበር። ሰባቱ ተሰልፈው ወደ ፊዮርዱ አፍ ይጓዛሉ። አስላክ መሪውን ለቆ ቆመ።

«ወጡልሽ! እዪ፣ ወጡልሽ!»

ሲግሩን እንባዋን በጓንቷ ጠረገች። ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። የዓመቱን የመጨረሻ ቅጂ ለመያዝ ማጉያውን አወረደች።

ከፊት የነበረችው ትልቋ ቆመች። ከዚያ ዞረች። ስድስቱም ተከትለዋት ዞሩ፤ እየጮኹ መጥተው ጀልባዋን ከበቡ።

«አየህ አይደል!» ሲግሩን የጀልባዋን ጠርዝ በጡጫ መታች። «ያ ሰውዬ ሌላ ነገር ደብቆ ነው የሄደው! እዚያ ታች አንድ ነገር ትቷል። ዛሬውኑ ጠላቂ ዋናተኛ አስጠራለሁ።»

አስላክ ሞተሩን አጠፋ። ጎንበስ ብሎ ውኃውን አየ። ግልገሏ ማጉያውን በአፏ እየነካካች ነበር።

«ሲግሩን፣ ይሄ የምታሰሚያቸው ድምፅ የማን ነው?»

እሷ ሰዓቱን ደብተሯ ላይ እየመዘገበች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«የአያታቸው። አብራቸው ያለች ብትሆን ሙከራው ይበላሽ ነበር፤ እሷ ግን ነሐሴ ላይ ሞታለች።»