ሦስተኛው ቅጽ

ሁለተኛው ቅጽም ተበላሸ። የዳንግላ ፖስታ ቤት ጸሐፊ አንዲት መስመር እንኳ ያልወጣባትን የጣት ምልክት ሲያይ ላብ አጠመቀው። ስዊድን አገር አውሮፕላን ማብረር የተማረው ልጅ ሃያ አንድ ዓመት ስላልሞላው፣ እዚያው ተቀጥሮ እንዲኖር አሁን ጸሐፊው ፊት የተቀመጡት እናቱ የፈቃድ አሻራ ተጠይቀው ነበር። ከልጁ የተላኩት ቅጾች ሦስት ነበሩ፤ አሁን አንድ ብቻ ቀረ። ፖስታውን የሚወስደው አውቶቡስ ደግሞ ውጭ ሞተሩን አስነስቷል።

"ይቺ ከተበላሸች የልጅዎም ሥራ አበቃለት። አደራ እናቴ፣ ጠበቅ አድርገው ይጫኑት" አላቸው።

"እሺ ልጄ" አሉ እናትየዋ። እንደ ቅድሙ ሁሉ መጀመሪያ ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ አውራ ጣታቸው ከሻሹ ሥር ገብታ ፀጉራቸውን ዳሰስ አደረገችና ወደ ቀለሙ ወረደች። ጸሐፊው ክንዳቸውን አየር ላይ ያዘው። ጣታቸው በቅቤ ርሳ ታብረቀርቅ ነበር። ቀለሙ ለምን አልይዝ እንዳለ ያን ጊዜ ገባው።

"እያወቁ ነው? ልጅዎ እዚያ እንዳይቀር ብለው?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እናትየዋ እሱ የማይሰማውን አገውኛ ለራሳቸው አጉተመተሙ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ፤ ቀለሙን ነክተው ወረቀቱ ላይ ጫኑት።

"ያዘ! በቃ፣ ያንሡት እናቴ" አለ ጸሐፊው።

እሳቸው ግን ጣታቸውን አላነሡም።